ሶናርኪዩብ፦ ለሥራ አሪፍ፣ ለሪፖርት ግን አይሆንም

ጎንደር ውስጥ ሠራተኛውም ሲስተሙም በበዛበት አንድ መሥሪያ ቤት ኮድ እንጽፋለን። የኮዳችንን ጥራት በሶናርኪዩብ መለካት ከጀመርን ቆየን። ይሠራል ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ ይሠራል።

ነፃው ቅጂ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ኮዱ ከግቢ አይወጣም፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም ምርመራው አይቆምም፣ ይሄ ደግሞ እዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ራም ግን ይበላል፤ ውስጡ ኢላስቲክሰርች የሚባል የፍለጋ ሞተር ስላለ ደከም ባለ ማሽን ላይ አትሞክሩት። አብሮት የሚመጣው ዳታቤዝም ለሙከራ ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ አድርጉት።

ከሁሉ የወደድኩለት ለአዲስ ኮድ የሚሰጠውን ቦታ ነው። የቆየ ሲስተም ያለው ሰው መጀመሪያ ሲያስመረምረው የሚዘረገፈውን ችግር አይቶ፣ ይሄን ሁሉ ማን ሊያጸዳው ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሶናርኪዩብ ደግሞ የድሮው ይቆይህ፣ ከአሁን በኋላ የምትጨምረውን ብቻ አታበላሽ ይላል። አብሮት በሚመጣው ኳሊቲ ጌት፣ ማለትም ኮዱ ማለፍ ባለበት መስፈርት፣ አዲሱ ኮድ ቢያንስ 80 በመቶው በቴስት (ኮዱን በሚሞክር ሌላ ኮድ) መሸፈን አለበት፣ ድግግሞሹም ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። አሮጌው በተነካካ ቁጥር ቀስ እያለ ይጠራል።

ቅር የሚለው ነፃው የሚያየው ዋናውን ብራንች፣ የሁሉም ሥራ የሚቀላቀልበትን የኮድ ቅጂ፣ ብቻ መሆኑ ነው። ስህተቱን የምትሰሙት ኮዱ ከተቀላቀለ በኋላ ነው ማለት ነው። ፑል ሪኬስት ላይ፣ ማለትም ኮዱ ይቀላቀል ተብሎ ሲቀርብ፣ እንዲመረምር ከፈለጋችሁ በኮድ መስመር ብዛት ትከፍላላችሁ፣ እሱንም በውጭ ምንዛሪ። ለፋይናንስ ክፍል አስረዱና እንያችሁ።

ትልቁ ጣጣ ግን ያ 80 በመቶ ነው። ቁጥሩ ወርሃዊ ሪፖርት ውስጥ የገባ ቀን ነገሩ ተበላሸ። አለቃ አረንጓዴ፣ ጌቱን አልፏል የሚለውን ምልክት፣ ይፈልጋል፣ ልጆቹም አረንጓዴ ያመጡለታል። አንዱን ቴስት ከፍቼ ሳየው ፈንክሽኑን ይጠራል፣ በቃ። መልሱ ልክ ነው ወይ የሚል መስመር የለውም። ኮቬሬጅ (የቴስት ሽፋኑ) የሚቆጥረው የተኬደበትን መስመር እንጂ የተረጋገጠውን አይደለም፣ ስለዚህ ይሄም ተቆጠረለት።

የቀን መምረጫችን ጳጉሜን በ5 ቀን ዘግቶት ነበር። ኮዱ ንጹህ፣ ደረጃው ኤ፣ ጌቱ አረንጓዴ። በ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ግን መዝገብ ክፍል ያለችው ልጅ ቀኑን ብታስገባው ብታስገባው እምቢ አላት፣ በመጨረሻ ሲመርራት ጳጉሜ 5 ብላ መዘገበችው። በሶናርኪዩብ አልፈርድም፣ ዘመነ ሉቃስን ከየት አባቱ ያውቃል? «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አለመገኘቱንም አይነግራችሁም። እንዲህ ዓይነቱን የሚይዘው መዝገብ ክፍል ገብቶ፣ ሥራውን እያየ የሚሞክር ሰው ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ለዚያ የተመደበ ሰው አልነበረም።

እና ጫኑት፣ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። እኛ አሁን የምንሟገተው በሪፖርቱ ላይ በኮቬሬጁ ፋንታ ተጠቃሚ ያገኘው ባግ ይጻፍ እያልን ነው። አለቃችን ገና አልተዋጠላቸውም።