ኮምቦልቻ ላይ ባለ ሁለት መኝታ፦ ኮንዶሚኒየም ወይስ ግቢ ቤት?

ኮምቦልቻ ውስጥ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ፈረቃ የሚገባ ተከራይ በዝቷል። ይህ ምርጫውን ይቀይረዋል። ማታ አምሽቶ ለሚመለስ ሰው ኮንዶሚኒየም ይሻላል፤ ቁልፉ በእጁ ነው፣ በር ክፈቱልኝ ብሎ አከራይ አይቀሰቅስም። ችግሩ ውሃ ነው። ግፊቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው ላይኛው ፎቅ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን ከማየታችሁ በፊት ደረጃውንና በረንዳውን እዩ። ቢጫ ጀሪካን በየበሩ ከተደረደረ፣ ደላላው ምንም ቢል አትመኑት።

ግቢ ቤት ልጅ ላለው ነው። ልጅ ደጅ ይጫወታል፤ ልብስና በርበሬ ማስጫ አይቸግርም፤ ቡናም ጥላ ሥር ይፈላል። ግን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ደሴ ቢሆን ፀሐይ የሚገባበትን ቤት ነበር የምንፈልገው። ከደሴ ዝቅ ብላ በምትሞቀው ኮምቦልቻ ግን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ አያስቀምጥም። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነም ሂሳቡ እንዴት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ሰው ከአከራዩ የሚቀያየመው በዚህ ነው።

እኔ ልጆች ስላሉኝ ግቢውን እመርጣለሁ። የቱንም ብትይዙ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) በሚሠራበት ከተማ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።