የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታሏ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን!

እናቴ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ያልረገጥነው ደጅ የለም። አንዱ ጋ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቀን፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ኪኒን ጽፎ ሸኘን። ሌላው ጋ ገና ወንበር ሳትይዝ ኤምአርአይ ታዘዘላት። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ «ዲስክ ነው፣ ዕድሜም አለ» ተባልን። በቃ! ለዚያ ሁሉ ብር! ከዚያ ሌላ ኪኒን ተጨመረ። እስከ ዛሬ ምን ስትወስድ እንደነበር የጠየቃት የለም። ወገቧ ሳይሻላት ጨጓራዋ ተነሳ። ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አኩፓንቸር እንዳለ የነገረችን ጎረቤታችን ናት። እናቴ የቻይና መርፌ ሲባል «የቀረኝ መወጋት ነበር» ብላ ሳቀች። እሺ ያለችውም ለጥሩነሽ ስትል ይመስለኛል። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለቱን ወርቅ ስታመጣ እልልታዋን የሰማ ያውቃል።

ሲስተርን ያገኘናት እዚያ ነው። ከመርፌው በፊት «የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘዋል?» አለቻት። እናቴ ፌስታሏን አወጣች። ሲስተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ አንድ በአንድ አነበበች። አንዱ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ፣ ሌላው ቮልታረን። ለካ ስማቸው ይለያያል እንጂ አንድ ናቸው! ኢቡፕሮፌንም ነበረበት፣ እሱም የእነሱው ዘመድ። ያውም ግፊት ላለባት ሴት። ቻይናዊውን ዶክተር ጠርታ አሳየችው። አንዱን ብቻ እንድትወስድ፣ ሌሎቹን እንድትተው ተነገራት፣ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ታዘዘ። መርፌው ብቻውን ያድናል ብለው አልሸነገሉንም። ኪኒኑም መርፌውም አብረው ይሄዳሉ ነው ያሉን።

ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ኪኒኑን ግን ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጣለች። ሲስተር ይህን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«እማማ፣ ጾሙን ማን ይተዉ አለዎት? ሰዓቱን የምንቀይረው ለኪኒኑ ነው። ከዘጠኝ በኋላ፣ በደንብ በልተው።»

እናቴ እጇን ይዛ ስትመርቃት ከኋላችን ያለው ወረፋ ሁሉ አሜን አለ።

መርፌው እንዴት እንደሚሠራ እኔን አትጠይቁኝ። ቀጫጭን ናቸው፣ ወገቧና እግሯ ላይ ተሰክተው ትንሽ ትተኛለች። አንዳንዴም እዚያው ታንኮራፋለች። ያሻላት መርፌው ይሁን ኪኒኑ ወይም ሁለቱ አንድ ላይ፣ ለኔ ለውጥ የለውም። ዛሬ እንጀራዋን ራሷ ትጋግራለች። ኪኒን የምትነካው ሲብስባት ብቻ ነው፣ ጨጓራዋም አርፏል።

ወገብ ያማችሁ፣ በእግዚአብሔር ሂዱ! ወረፋ ስላለ በጠዋት ድረሱ። ቤት ያለውን ኪኒን አንድም ሳታስቀሩ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሲስተር፣ ሳላስፈቅድሽ ስምሽን አልጻፍኩም። እናቴ ግን ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዤላት እሄዳለሁ ብላለች፣ እንዳትከለክያት።