«ዘፈን ድሮ ቀረ» ለሚሉ፣ በተለይ ለአጎቴ

አጎቴ እሁድ እሁድ ቡና ሊጠጣ ቤቴ ይመጣል። ስልኬ ላይ ምንም ዘፈን ይከፈት፣ ሁለት ደቂቃ አይታገስም። «ኤጭ! ዘፈን እኮ ድሮ ቀረ» ይላል። ግማሹ እውነቱን ነው። ዩቲዩብ ላይ ከሚለቀቀው ነጠላ ዜማ ብዙው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዓይነት ምት፣ ክሊፑ ላይ ደግሞ የኪራይ መኪና ነው። ማሲንቆ ብትገባ እንኳን መግቢያው ላይ 10 ሰከንድ ታለቅስና ትጠፋለች፤ የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰፌድ ማለት ነው፣ ማንም እህል አያበጥርበትም።

ግማሹ ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ደጋግሜ የሰማኋቸውን አልበሞች ልጠቁማችሁ። መለኪያዬ አንድ ናት። የድሮው ቅኝትና መሣሪያ ሥራ ላይ ነው ወይስ ጌጥ?

አጎቴን ለማሳመን የጀመርኩት በኃይሉ መርጊያ ነው። ትንሽ ማጭበርበር እንዳለበት አውቃለሁ፣ ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ይዞ ሂልተንን ሲያስጨፍር እኔ አልተወለድኩም። ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፣ ከዚያም ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፣ ዱለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ የቆየ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ እንደገና ሲያሳትምለት ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚለውን አዲስ አልበሙን አወጣ። አብረውት ያሉት አንድ ቤዝ ተጫዋችና አንድ ድራመር ብቻ ናቸው። አልበሙ የሚከፈተው 10 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ ትዝታ ነው። አኮርዲዮኑ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ በቃ ሊያስለቅሰኝ ነው ብለህ ትከሻህን ስታዘጋጅ ድራሙ ይገባና ነገሩ ሳታውቀው ወደ ጭፈራ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ያለው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ፒያኖ ብቻውን ነው፤ እሱን ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት።

ማን እንደሆነ ሳልናገር ከፈትኩት። አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠ። «ማነው ይሄ?» አለ። ስነግረው «ኃይሉ! የዋልያሱ? አላልኩህም እንዴ፣ የድሮ ሰው ነው!» ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። አንድ ለዜሮ ተመራሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ቋንቋን አመጣሁ። ቋንቋ አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተ ባንድ ነው። ኬት ሆስቴተር የምትባል አሜሪካዊት ቫዮሊን ትጫወታለች፣ እንድሪስ ሐሰን ማሲንቆ፣ ምሳሌ ለገሰ ከበሮ። ቤዝ ጊታር የለም፣ ቦታውን የያዘው ትልቅ ቤዝ ክራር ነው። ዘፋኟ ሰላምነሽ ዘመነ ናት፣ ድምጿ ማይክ የሚያስፈልገው አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ሦስተኛ አልበማቸውን ስትሰሙ መጀመሪያ ግራ ትጋባላችሁ። ቫዮሊኑና ክራሩ ድምፅ በሚቀይር የኤሌክትሪክ ፔዳል ስለሚያልፉ አንዳንዴ የሮክ ጊታር ይመስላሉ። ማሲንቆውና ቫዮሊኑ ደግሞ ሁለት ጎረቤት አጥር ላይ ቆመው እንደሚጨቃጨቁ ይመላለሳሉ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው መሀል ገብቶ እስኪያስታርቃቸው ድረስ። እዚህ ማሲንቆ ጌጥ አይደለችም፣ የቤቱ አባወራ ናት። እንከን ካላችሁኝ፣ ዘፈኖቹ ይረዝማሉ። ሥራ ላይ ሆኜ ልስማው ብዬ ሞክሬ ሥራዬን ረሳሁት።

አጎቴ በዚህኛው ምንም አላለም። ሁለተኛ ቡና ጠየቀ። እሱ ዘንድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ፒያኖ ለሚወድ ሳሙኤል ይርጋ አለ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ጉዞ» የተባለ አልበሙ ዛሬም አላረጀብኝም። በጥሩንባ የታጀቡት ዘፈኖች ደስ ይላሉ፣ እኔን የሚገድሉኝ ግን ብቻውን ፒያኖው ላይ የሚቀመጥባቸው ናቸው። የእኛን ቅኝት ሲጫወት አይቸኩልም። በኖታዎቹ መሀል የሚተወው ዝምታ ራሱ ዜማ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ነገር ለምትወዱ የሮፍናንን «ነጸብራቅ» ሳልጠቅስ ባልፍ ትቆጡኛላችሁ። 2010 ዓ.ም. ሲወጣ ታክሲው፣ ካፌው፣ ጂሙ ሁሉ እሱን ነበር የሚያሰማው፣ እኔም ሰልችቶኝ ተውኩት። ዘንድሮ በጥሩ ማዳመጫ ስመለስበት ያኔ ያልሰማሁት ብዙ ነገር አገኘሁ። በራፕ በኩል ካስማሰን ስሙ፣ «ማለዳ» ከሚለው አልበሙ ጀምሩ። ቃላቱ ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከሰፈር ወሬ የመጡ ናቸው፣ ቤት ለመምታት ብሎ ነገር አያጣምምም። ወደ ኤሌክትሮኒኩ ስመለስ፣ የሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም» ደግሞ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ አሥሬ ሞክሬ በአሥራ አንደኛው ነው የገባኝ፣ ካልገባችሁ አትዘኑ።

አንድ ምክር። እነዚህን ሰዎች ቴሌግራም ላይ ከሚዞረው ቅጂ አትስሙ። ፋይሉ ከመጨመቁ የተነሳ ቤዝ ክራሩ የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል፣ ከዚያ «አልወደድኩትም» ትላላችሁ። አቅሙ ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁና ካርድ የምትጠቀሙ፣ ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ግዙላቸው። እዚህ ያለን ደግሞ በየራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል እንስማ።

በአካል ማየት ይሻላል፣ ግን ቦታ ምረጡ። ባለፈው አንድ አዳራሽ ቲኬቱ ላይ «ምሽት 1 ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ ዘፋኙ የወጣው 5 ሰዓት አልፎ ነው። ስፒከሩ ስለሚጮህ ጓደኛዬን በቴክስት ነበር የማወራት፣ አጠገቤ ተቀምጣ! ትንሽ ቤት፣ ጥቂት ወንበር፣ ከተጫዋቹ ሁለት ሜትር ርቀት፣ እኔን የሚስማማኝ እሱ ነው።

ትናንት አጎቴ ደወለ። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርስ፣ «ስማ፣ ያቺን የምትጮኸዋን ልጅ ፍላሽ ላይ ጫንልኝ፣ ለመኪናው» አለኝ። ኃይሉንም ልጨምርልህ ወይ ስለው፣ «እሱንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ዘጋው።