«ሙሉ ዌብሳይት በ25 ሺህ ብር» የሚል ሥራ ከመጣላችሁ ይህን ሳታነቡ እሺ አትበሉ

ይህን የምጽፈው በተለይ ገና ሥራ ለጀመራችሁ ደቨሎፐሮች ነው። ዌብሳይት ለማሠራት ያሰባችሁ ነጋዴዎችም አንብቡት፤ እኔ ላይ የደረሰው ነገር አንድ ነጋዴንም አብሮ ጎድቷል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ዌብ ደቨሎፐር እንፈልጋለን፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራ፣ ክፍያ በስምምነት» ይላል። ደወልኩ። መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ተገናኘን። ሰውየው ትሁት ነው። ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ለእነማን እንደሠሩ አሳየኝ። ሥራው የአንድ ፈርኒቸር ቤት ዌብሳይት ነው፤ አምስት ገጽ፣ የዕቃዎቹ ፎቶ ከነዋጋቸው፣ ስልክ ቁጥር፣ አለቀ። «25 ሺህ እንከፍልሻለን፣ 8 ሺው ቀብድ። ይህን አሳምረሽ ከሠራሽ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያንቺ ነው» አለኝ። ሦስት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። ውል አልተፈራረምንም። እሱ አላነሳውም፣ እኔም ማንሳት አፈርኩ።

ከዚያ «ትንሽ ነገር» መምጣት ጀመረች። «እህቴ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን።» ሠራሁ። በቴሌብር መክፈል ይቻል ተባለ፣ ሠራሁ። የማድረሻ ዋጋው በየክፍለ ከተማው ይለያይ ተባለ፣ እሱንም ሠራሁ። ከዚያ ደግሞ የትዕዛዙ ቀን በእኛ አቆጣጠር ይታይ ተባለ። ለሚያዘው ሰው አንድ መስመር ናት። እኔን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀችብኝ፤ ጳጉሜን አንዴ አምስት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች፣ መስከረም 1 በፈረንጆቹ አንድ ጊዜ 11 ሌላ ጊዜ 12 ላይ ይውላል፣ የወር ሽያጭ ሪፖርቱ ደግሞ 12 ወር ብሎ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ለማስገባት ያለቀውን ገጽ እንደገና ማፍረስ ነበረብኝ። ፎቶዎቹም ስም አልነበራቸውም። 160 የሶፋና የአልጋ ፎቶ ተላከልኝ። የቱ ዋጋ የቱ ሶፋ እንደሆነ አንድ በአንድ በስልክ እየጠየቅኩ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት በስልኬ ዳታ እየጫንኩ ነው የጨረስኩት።

የሠራሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ሲያልቅ ደመርኩት። ሰባት ሳምንት፣ 210 ሰዓት። በእጄ የገባው 18 ሺህ ብር ነው፣ ቀሪው 7 ሺህ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም። 18 ሺህ ለ210 ሲካፈል በሰዓት 86 ብር ገደማ ይመጣል። የኢንተርኔት ጥቅሉን አልቀነስኩም። እዚያ ደብተር ላይ ቁጥሩን ሳየው አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ሠራተኞቹን አጠቃቀሙን ላሳያቸው ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ፎቶ እንዴት እንደሚቀየር እያሳየኋቸው «ልጄ፣ 140 ሺህ ብር የከፈልኩት ለዚህም ጭምር ነው አይደል? ለፎቶ ሌላ ክፍያ የለም?» አሉኝ። 140 ሺህ! እኔ ከዚያ ውስጥ የደረሰኝን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። ከሱቁ ወጥቼ ለሰውየው ደወልኩለት። «ቀሪሽን ነገ አስገባለሁ» አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ አለ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ራሳቸው ባለሱቁ ደወሉ። የክፍያው ገጽ አልከፈት ብሏል። ላስተካክልላቸው ፈልጌ ነበር፣ ግን ባስረከብኩ ማግስት ፓስወርዱ ተቀይሯል። ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ) ሆስቲንጉም (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር) የተመዘገበው በዚያው ካፌ ባገኘሁት ደላላ ስም ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች፣ ስታሠሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ዶሜይኑ በማን ስም ነው? ኮዱን የሚጽፈውስ ማነው? ሠሪውን ሳታገኙት ገንዘብ አትክፈሉ።

ወደ እኛ ልመለስ። 25 ሺህ የሚባለው ዋጋ ከየት እንደመጣ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? እነዚህ ማስታወቂያዎች ላይ የማየው ዋጋ ከብር ምንዛሪ ለውጡ በፊት ከማውቀው ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ 25 ሺህ ብር ከ430 ዶላር በላይ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ፣ ያው 25 ሺህ 250 ዶላር እንኳ አልሞላ አለ። እኛ ደግሞ ሆስቲንግ የምንከፍለው በዶላር ነው፣ ላፕቶፕ የሚመጣው በዶላር ነው። ያንኑ ዋጋ ስትቀበሉ በግማሽ ደመወዝ እየሠራችሁ ነው።

«እንግዲያው ለውጭ ደንበኛ እሠራለሁ» የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን እዚያም ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ሠሪንና አሠሪን በኢንተርኔት ከሚያገናኙት ድርጅቶች ፋይቨር ከገቢያችሁ 20 በመቶ ይቆርጣል። አፕወርክም የራሱን ኮሚሽን ይወስዳል፣ ለሥራ ለማመልከት ብቻ ኮኔክት በሚባል በገንዘብ በሚገዛ ነጥብ ትከፍላላችሁ፣ ብታገኙትም ባታገኙትም። በሰዓት እዚያ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዋጋ 3 ዶላር ነው፣ እሱም ላይ ተሻምተው የሚያመለክቱ መዓት ናቸው። በኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያው ፔይፓል ደግሞ በኢትዮጵያ አካውንት ገንዘብ መቀበል አያስችልም፣ ስለዚህ ደንበኛው በምን እንደሚከፍላችሁ ሥራ ሳትጀምሩ ተነጋገሩ። ከሁሉ በላይ ግን የአካውንት ኪራይ የሚባለውን ሽሹት። በሌላ ሰው ስም በተከፈተ አካውንት ሥሩና እንካፈላለን የሚሏችሁ አሉ። ይህ በድርጅቶቹ ደንብ የተከለከለ ነው፣ ሲደረስበት አካውንቱ ከነገንዘቡ ይታገዳል። ሳይደረስበት እንኳ ገንዘቡ የሚገባው በባለአካውንቱ እጅ ነው፣ የምታገኙትን ሪቪው (የደንበኛ ምስክርነት) የሚወስደውም እሱ ነው።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራምም ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የጥቅም መብቱ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። የቃል ስምምነት ብቻ ይዘን ስንሠራ ሕጉ ላይ የምንንጠለጠልበት ነገር ብዙም የለም ማለት ነው። አሁን እኔ «የኮዱ ባለቤትነት የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያ ሲጠናቀቅ ነው» የምትል አንዲት መስመር ሳላስገባ ሥራ አልጀምርም። ሁለት ገጽ ወረቀት ናት። አምስት ገጽ ከሆነ አምስት ገጽ ተብሎ ይጻፋል፣ ስድስተኛው ገጽ ዋጋው ስንት እንደሆነም ይጻፋል። ግማሹን በቅድሚያ እቀበላለሁ። ቀሪው እስኪገባ ሥራው የሚታየው በእኔ ሰርቨር ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ጥለውኝ የሄዱ ደንበኞች አሉ። «ሌላ ልጅ በ15 ሺህ ይሠራልኛል» ያለኝም አለ። እሺ ብዬ ሸኘሁት፣ ግን ያ ልጅ ማን ይሆን ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ምናልባት ይህን ከምታነቡት አንዱ ነህ።

ዋጋ ስትናገሩ ደግሞ በወር 160 ሰዓት አገኛለሁ ብላችሁ አታስሉ። ደንበኛ ፍለጋው፣ ስልኩ፣ ቀጠሮው፣ የጠፋው መብራት ጊዜውን ይበሉታል። እኔ የሚከፈልበት ሥራ የማገኘው ከዚያ ግማሹን ያህል ነው። የቤት ኪራያችሁንና የወር ወጪያችሁን ለ80 ሰዓት አካፍሉት። ከዚያ የመጣውን ቁጥር ይዛችሁ ካፌ ሂዱ።

ያ ማስታወቂያ በዚህ ሳምንት እንደገና ወጥቷል። ቃሉ አንድም አልተለወጠም፣ «ክፍያ በስምምነት» ይላል። የደወለችው ጓደኛዬ ናት፤ ፋርማሲ ነው፣ አምስት ገጽ ነው፣ 22 ሺህ ነው ብሏታል፣ ቀብዱ ደግሞ 5 ሺህ ሆኗል። መገናኛ ካፌ እንገናኝ ካላችሁ አትሂዱ።