አበባ ለታመመባችሁ ሁሉ፣ እኚህን አትክልተኛ ጥሯቸው

ሰላም ጎረቤቶቼ። እማዬ «ምስጋናዬን ሰው በሚያየው ቦታ ጻፊልኝ» ብላኛለች፤ እኔም ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ክረምቱን ሙሉ የእማዬ ጽጌረዳዎች ከታች ጀምሮ ቅጠላቸው እየረገፈ ባዶ እንጨት ሊሆኑ ደርሰው ነበር። ያየ ሁሉ «መድኃኒት አስረጩ» ይላል። ለየትኛው በሽታ? እሱን የሚነግረን አላገኘንም።

በመጨረሻ የጠራናቸው አትክልተኛ፣ ጋሼ፣ ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ግቢያችን ሲገቡ የያዙት የመግረዣ መቀስና አልኮል ብቻ ነው። አንድ ቅጠል ቀጠፉና ወደ ብርሃን አዞሩት። ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ጠርዙ እንደተተለተለ ጨርቅ ነው፣ ዙሪያው ቢጫ። ፈንገስ ነው አሉን። ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ለመያዝ ይበቃዋል። በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ቅጠል መቼ ይደርቅና!

ቀጥለው የጄራኒየሙን ቅጠል ገለበጡት። ከላይ ትንንሽ ቢጫ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። ከሥር ግን ቡናማ ብናኝ ቀለበት ሠርቶ ተቀምጧል፤ ነካ ሲያደርጉት ጣታቸው ላይ ቀረ። ዋግ ነው። የጄራኒየም ዋግ ወደ ጽጌረዳ እንደማይሻገር ሲነግሯት እማዬ እፎይ አለች። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ሲሆን፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቅጠሉ ላይ ካየን ቶሎ እንድንደውልም ነግረውናል። እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ እርጥብ ቅጠል እንኳ አይፈልግም።

የረገፈውን ቅጠል አንድ ሳያስቀሩ ለቀሙ። ነፋስ እንዲገባ መሃል መሃሉን ገረዙ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ መቀሱን በአልኮል እየጠረጉ።

አንዷን ጽጌረዳ ግን «ይቺ አትድንም» አሉን። ግንዷ ከአፈሩ አጠገብ ሸካራ እብጠት አውጥቷል። ባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ነቅለው አወጧትና እዚያው ቦታ ሌላ ጽጌረዳ እንዳንተክል አስጠነቀቁን። ችግኝ ይሸጣሉ እኮ! አንድም ግዙ አላሉንም። እኔን በጣም የነካኝ ይሄ ነው።

አሁን አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ እየወጣ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉላቸው የታመመውን ቅጠል ከላይም ከሥርም ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው፤ ከመምጣታቸው በፊትም ምንም አትርጩ።