ከሦስቱ «የንጉሥ ሰይፎች» ልብ ወለዶች የትኛውን ልግዛ?

አንድ ወዳጄ ባለፈው ክረምት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ገዛና በሦስት ቀን ጨርሶ ተናዶ መጣ። «የመጨረሻዎቹ ገጾች የተገነጠሉ መስሎኝ ጥራዙን በጣቴ ዳሰስኩት» አለኝ። መጽሐፉ ግን ሙሉ ነበር። የገዛው የሦስት መጻሕፍትን መካከለኛ ነው። ሻጩ «ብቻውን ይነበባል» ብሎታል፤ አልዋሸም፤ ደራሲውም ሲጽፋቸው ሐሳቡ ይኸው ነበር። ብቻውን መነበቡና ብቻውን አንጀት ማድረሱ ግን ለየቅል ነው።

ነገሩ የዴቭ ደንከን «የንጉሥ ሰይፎች» ነው። ደንከን ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ የኖረ፣ ዕድሜውን በነዳጅ ፍለጋ ጂኦሎጂስትነት የገፋ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመ፣ በ2018 ያረፈ ሰው ነው። ሦስቱ መጻሕፍት በተከታታይ ዓመታት ወጡ፦ «ዘ ጊልድድ ቼይን» (በወርቅ የተለበጠው ሰንሰለት) በ1998፣ «ሎርድ ኦቭ ዘ ፋየር ላንድስ» (የእሳት ምድር ጌታ) በ1999፣ «ስካይ ኦቭ ሶርድስ» (የሰይፎች ሰማይ) በ2000። በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች «ሰይፎች» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ «ዘበኛ» ብል በር ላይ የሚቆም ሰው ይመጣብናል፣ «አንጋች» ብል ደግሞ ጠመንጃ።

ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ሥርዓት ነው። ማንም ያልፈለጋቸው፣ ቤተሰብ ያስመረሩ ልጆች አይረንሆል ወደሚባል ትምህርት ቤት ይጣላሉ። እዚያ የድሮ ስማቸውን ጥለው አዲስ ስም ይመርጣሉ፤ ለዓመታትም ሰይፍ ሲማዘዙ ያድጋሉ። የመጨረሻው ሌሊት ሲደርስ ብረት ወደሚቀጠቀጥበት ቤት ይወርዳሉ። ወለሉ ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ተሥሏል፤ አየር፣ እሳት፣ ውሃ፣ ምድር፣ ሞት፣ ፍቅር፣ ጊዜና ዕድል ይጠሩበታል። ወጣቱ መስፍ ላይ ወጥቶ ይምላል፤ ከዚያም ወርዶ መስፉ ላይ ይቀመጣል። ጌታው የሚሆነው ሰው የልጁን የራሱን ሰይፍ ይይዝና በልቡ ያሳልፈዋል። ቁስሉ ወዲያው ይድናል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ያ ወጣት እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጌታው ፊቱ ከተገደለ ደግሞ ያብዳል። ይህ ሥርዓት ነው «መታሰር» የሚባለው፤ ማሰሪያውን የሚፈታለት ንጉሡ ብቻ ነው።

የእኛ ሰው መሐላን ቀልድ አያደርገውም፤ ለዚህም ይመስለኛል እነዚህን መጻሕፍት ያዋስኳቸው ሁሉ ስለ አስማቱ ሳይሆን ስለ መሐላው ሲከራከሩ የምሰማው። ሰው በአሥራ ምናምን ዓመቱ የማለው ቃል በአርባ ዓመቱ ያስረዋል ወይ? ሦስቱም መጻሕፍት ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ አጠያየቃቸው ግን ይለያያል፤ የገዢው ምርጫም እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ነው። ሲከፈት አሮጌው ንጉሥ ሞቷል፤ የመንግሥቱ ዋና አማካሪ የነበረው ሎርድ ሮላንድ ከሹመቱ ይነሣል፤ በቦታው የሚሾመውም ክሮማን የሚባል የዕድሜ ልክ ጠላቱ ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሮላንድ በልጅነቱ ዱሬንዳል ነበር፤ ከዘመኑ ሰይፈኞች ሁሉ የሚበልጥ። ነገር ግን በአይረንሆል ተራ እንጂ ችሎታ አይታይም፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይታሰራል። ንጉሡን ለመጠበቅ ሲመኝ የኖረው ልጅ ተራው ሲደርስ የንጉሡ ውሽማ ወንድም ለሆነ፣ ከልብሱ በቀር ለምንም ለማይጨነቅ አንድ ማርክዊስ (መኳንንት) ይሰጣል። ያን ምዕራፍ ሳነብ ያስታወስኩት በማዕረግ ተመርቆ ለማይረባ አለቃ ቡና ሲያመላልስ የኖረ አንድ ዘመዴን ነው።

ይህን መጽሐፍ የወደዱት የሚያነሡት ፍጥነቱን ነው። ንግግሩ አጭርና ተናዳፊ፣ ፍልሚያው ግልጽ፣ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው፤ መዝገበ ቃላት ሳያበዛ የሚያነብ ሰው ይወጣዋል። የጠፋ ጓድ ፍለጋ ወደ ሩቋ ሳማሪንዳ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ መጽሐፉ ጨለማ መሆን የሚያውቅበት ክፍል ነው። ያልወደዱት ሦስት ነገር ይላሉ፣ ሦስቱም እውነት ነው። ታሪኩ ዓመታትን እየዘለለ ስለሚሄድ አንዱ ገጽ ላይ ጎረምሳ የነበረው ሰው ጥቂት ገጽ ቆይቶ ሽበት ያወጣል። ክሮማን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ልብ አያራራም። ሴቶቹ ጥቂቶችና ከዳር የቆሙ ናቸው። እኔ የመጀመሪያውን አቤቱታ አልቀበለውም፤ የዕድሜ ልክ አገልግሎት ታሪክ በአንድ ጥራዝ የሚነገረው እንዲያ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እቀበላለሁ።

ሁለተኛው በአንድ ድፍረት ይጀምራል። ሬደር የሚባል ተማሪ ንጉሡ ራሱ ሊያስረው በመጣበት ሌሊት እምቢ ይላል። ጓደኛው ዋስፕም አብሮት ይቆማል። ለምን እምቢ እንዳለ ለመናገር መጽሐፉ ሬደር ወደተወለደባት ወደ ቤይልማርክ፣ ወደ ባሕር ወንበዴዎቹና እሳተ ገሞራ ወደሚነድባት ደሴት ይወስደናል፤ እዚያም ብዙ ገጽ ያቆየናል። ከሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ ምድሩና ባህሉ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ የተጻፈው ይህ ነው። የአለቆቹ ጉባኤ፣ የባሪያ ንግዱ፣ የአባትና የአጎት ቂም፦ ደንከን እዚህ ላይ እጁ ከብዷል፤ በጎ ክብደት ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ስሞቹ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወሰዱ ስለሆኑ ዓይን ያደክማሉ። «ኤ» (a) እና «ኢ» (e) የተጣበቁበት ፊደል በየገጹ አለ፤ እንዴት እንደሚነበብ የሚጨነቅ ሰው ሃምሳኛው ገጽ ላይ ይዝላል። አትጨነቁ፣ እንደመጣላችሁ ጥሩት። ሁለተኛው ወዳጄን ያናደደው ነው፤ ፍጻሜው። መጽሐፉ እንደ በር ድው ብሎ ይዘጋል። ከዚያም ብሶ፣ የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ታላቅ ጉዳይ ላይ እንደማይስማሙ ያያል። ምን እንደሆነ አልናገርም። ብዙ አንባቢ ደራሲው የራሱን መጽሐፍ የረሳ መስሎት ያማል። አልረሳም፤ ሆን ብሎ ነው፤ መልሱን ሦስተኛው ውስጥ አስቀምጦታል።

ስለ ሦስተኛው ብዙ ማለት አልችልም፤ ማለት የምችለው ሁሉ የሌሎቹን ምሥጢር ያወጣል። ባለታሪኳ የንጉሡ ልጅ ማሊንዳ ናት፤ መጀመሪያ የምናገኛት በመርማሪዎች ፊት ተከሳ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሴቶቹ ጠፉብን ያሉ አንባቢዎች ካሣቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው። ዶግ የሚባል አንድ ሸካራ ሰይፈኛ አለ፤ ስሙ «ውሻ» ማለት ነው፤ ከሦስቱ መጻሕፍት ሰዎች ሁሉ እኔን ያሸነፈኝ እሱ ነው። ርዕሱ የመጣው ከአይረንሆል አዳራሽ ነው። የሞቱት ሰይፎች መሣሪያ በሰንሰለት ከጣራው ይንጠለጠላል፤ ተማሪዎቹም ምሳቸውን የሚበሉት ከዚያ ሁሉ ብረት ሥር ቁጭ ብለው ነው። ፍጻሜው ላይ ግን አንባቢ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ቋጠሮው በብልሃት ተፈታ ይላል፣ ግማሹ አስማት ተጠርቶ ደራሲውን ከማጥ አወጣው ይላል። እኔ ከብልሃቱ ወገን ነኝ፣ በጥቂት ድምፅ ብልጫ።

እንግዲህ ገንዘቡ። የአንድ መጽሐፍ ብቻ ካላችሁ የመጀመሪያውን ግዙ፤ ተጀምሮ ያልቃል፣ ዕዳ አያስቀርባችሁም። የፈረንሳዊውን ደራሲ የአሌክሳንደር ዱማን የንጉሥ ጠባቂዎች («ሦስቱ ሙስኬተሮች») የሚወድ ሰው በተለይ ይመቸዋል። የሁለት መጽሐፍ ገንዘብ ካላችሁ አሁንም አንዱን ገዝታችሁ የቀረውን ያዙት፤ ሁለተኛውን ካለ ሦስተኛው መግዛት ማለት ወዳጄ ያደረገውን ማድረግ ነው። ሦስቱን ከገዛችሁ በወጡበት ቅደም ተከተል አንብቡ፤ «በፈለጋችሁት ተራ ይነበባሉ» የሚለውን ምክር አትስሙ። ሦስተኛውን ያስቀደመ ሰው ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ሰማ ማለት ነው።

በወረቀት ወይስ በኤሌክትሮኒክስ ቅጂ? ለመጀመሪያው የወረቀቱ አሮጌ ቅጂ ይበቃል። ሁለተኛውን ግን በስልክ ወይም በታብሌት ብታነቡት ይሻላል፤ ስሙ የጠፋባችሁን ሰው ፈልጋችሁ መጀመሪያ የታየበትን ገጽ ታገኙታላችሁ።

ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚገዛ ወላጅ ሦስቱንም ይተው፤ ደምና መኝታ አለባቸው። በዚያው ዓለም «የንጉሥ ጩቤዎች» በሚል ስያሜ ደንከን ለወጣቶች የጻፋቸው ሦስት አጫጭር መጻሕፍት አሉ፤ የመጀመሪያው «ሰር ስታልዋርት» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። ቀለል ያሉ ናቸው፤ ለትልቅ ሰው ግን ስኳር እንደሌለው ሻይ ናቸው። ከ2002 እስከ 2004 ለአዋቂዎች የመጡት ሌሎች ሦስቱም ደህና ናቸው፤ ከእነሱ ግን አትጀምሩ።

ወዳጄ ሦስተኛውን ከእኔ ተውሶ ወስዷል። አራት ወር ሆነው፤ የመጀመሪያውንም አብሮ ጠይቆኛል፤ እስካሁን አንዱንም አልመለሰም።