ፑላችሁ (መዋኛ ገንዳችሁ) ሊክ አለው፣ ውሃ ያፈሳል ብሎ ሲሚንቶ ሊሰብር የመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ባልዲ አምጡ

እዚህ ቬጋስ ፑል ያለው ቤት የገዛችሁ፣ በተለይ እንደኔ ፑልን ከሆቴል ውጪ በቅርብ አይታችሁት የማታውቁ፣ እስቲ ይቺን ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። 1,860 ብር ከስሬ ነው የምጽፈው፣ ብር ስል ዶላር ነው መቼም።

ጁን ላይ የውሃ ቢል መጣ፣ ከወትሮው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የላስ ቬጋስ ቫሊ ውሃ ዲስትሪክት ከ2023 ጀምሮ ከልክ በላይ ለተጠቀመ ሰው ትርፍ ክፍያ እንደሚጨምር ታውቃላችሁ፣ ሐይቁ፣ ሌክ ሚድ፣ እንደዛ ወርዶ ካየነው በኋላ በውሃ ማን ይቀልዳል። ባለቤቴ ሽንት ቤቱን እይ አለችኝ፣ አየሁ፣ ደህና ነው። የአትክልቱንም ቱቦ አየሁ፣ እሱም ደህና ነው። የቀረው ፑሉ ነው። ችግሩ ግን የኛ ፑል ኦቶፊል አለው፣ ልክ የሽንት ቤት ታንከር ውስጥ እንዳለችው ኳስ ውሃ ሲጎድል ራሱ ከፍቶ ይሞላል፣ እና ፑሉን በአይን ብታየው ሁሌ ሙሉ ነው፣ ሊክ ቢኖረውም የሚነግርህ ቢሉ ብቻ ነው።

ደወልኩና አንድ ልጅ መጣ። ጨዋ ነው፣ ሰር ሰር ይለኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረብኩለት። መፈተሻ 360 ብር ተቀበለ፣ ሃያ ደቂቃ ዞር ዞር አለ፣ ሰማያዊ ቀለም እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አደረገና "መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ሲሚንቶው ተሰብሮ መቀየር አለበት፣ 4,800 ነው፣ ዛሬ ከፈረምክ ግን 4,200" አለኝ። ዛሬ ከፈረምክ ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ። መርካቶ ያደገ ሰው እንዴት በዚህ ይሸወዳል? ግን ውሃው ወደ ቤቱ መሰረት እየገባ ነው ሲለኝ ሆዴ ተገላበጠ፣ 1,500 ዲፖዚት እዛው በካርድ ከፈልኩ።

ማታ ስትሪፑ ላይ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ያሉበት መንገድ ማለት ነው፣ ሆቴል ጥገና ክፍል ለሚሰራ ወንድማችን ደወልኩለት፣ ፑልም ጭምር ነው የሚያየው። "የባልዲ ቴስት ሰራህ?" አለኝ። የምን ባልዲ? ሳቀብኝ። "እሺ ልጁ ቱቦውን ደፍኖ በፕሬዠር፣ በግፊት ማለት ነው፣ ሞክሮታል? ጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ አሳየህ?" ኧረ የለም። "ታዲያ ቱቦ መሰንጠቁን በምን አወቀው?" መልስ አልነበረኝም።

ባልዲው እንዲህ ነው። 5 ጋሎን የሚይዘውን ባልዲ በፑሉ ውሃ ትሞሉና ፑሉ ውስጥ ደረጃው ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጣል አድርጉበት። ከውስጥ የባልዲው ውሃ የደረሰበትን፣ ከውጪ ደግሞ የፑሉ ውሃ የደረሰበትን በቴፕ ምልክት ታደርጋላችሁ። ኦቶፊሉን ዝጉ፣ ይሄን ከረሳችሁ ውሃ ወቀጣ ነው። ፏፏቴ ካለ አጥፉ፣ ልጆቹንም ለአንድ ቀን ከልክሏቸው። ባልዲውንም ፑሉንም ያው ፀሐይ ያው ንፋስ ነው የሚያገኛቸው፣ ስለዚህ በትነት የሚጎድሉት እኩል ነው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ፑሉ ከባልዲው በላይ ከጎደለ ትርፉ ሊክ ነው ማለት ነው።

የኔ ባልዲ 3 ስምንተኛ ኢንች ጎደለ፣ ፑሉ 7 ስምንተኛ። ልዩነቱ ግማሽ ኢንች ነው፣ ትንሽ ይመስላል አይደል? 15 በ30 ጫማ የሆነ ፑል ላይ አንድ ኢንች ማለት ወደ 280 ጋሎን ነው፣ ስለዚህ በቀን 140 ጋሎን እየፈሰሰብኝ ነበር፣ በትነት የሚሄደው ከመቶ በላይ ጋሎን ሳይቆጠር። እና ልጁ ሊክ አለ ማለቱ ውሸት አይደለም፣ ውሸቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ ማለቱ ነው።

ይሄ የፑሉን ውሃ የሚያዞረው ፓምፕ እየሰራ ነው፣ ቀጥሎ ያንኑ ፓምፑን አጥፍቼ ደገምኩት፣ ልዩነቱ ያው ግማሽ ኢንች ሆነ። ፓምፑ ሲሰራ የበለጠ የሚጎድል ቢሆን ውሃ የሚመልሰው ቱቦ ይጠረጠር ነበር፣ ሲጠፋ ከባሰ ደግሞ የሚስበው ቱቦ፣ ውሃው ተመልሶ በሚገባበት በኩል አረፋ ከታየም ያው የሚስበው በኩል አየር እየገባ ነው። እኩል ከሆነ ግን ገንዳው ራሱ፣ መብራቱ ወይ ስኪመሩ ነው፣ ማለትም ቅጠል የሚሰበስበው የጎኑ አፍ። ወንድማችን "ተወው ይውረድ፣ የት እንደሚቆም እይ" አለኝ። በአራተኛው ቀን ስኪመሩ አፍ ታችኛው ጠርዝ ጋ ሲደርስ ከባልዲው እኩል መውረድ ጀመረ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ውሃው ከስኪመሩ በታች ሆኖ ፓምፕ እንዳታስነሱ፣ አየር ስቦ ይቃጠላል፣ በዚህ ሙቀት ፑሉን ጨርሳችሁም እንዳታደርቁት፣ ፕላስተሩ፣ የገንዳው የውስጥ ልስን ማለት ነው፣ ይሰነጠቃል።

ውሃውን ትንሽ ከፍ አደረግኩና ልጄ ለኬክ የምትጠቀምበትን ቀይ ቀለም ስኪመሩ አፍ አጠገብ አንድ ጠብታ ለቀቅኩ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆመ። ከዛ ልክ እንደ እጣን ጭስ ቀጠነና ጎበጠ፣ በፕላስቲኩና በፕላስተሩ መሀል ወዳለች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሰተት ብሎ ገባ። ልጄ ጮኸች፣ እኔም አልቀረሁ። ሁለት ክፍል ሆኖ የሚመጣ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አቡክተህ ውሃ ውስጥ የምትለጥፈው ፑቲ፣ መድፈኛ ማለት ነው፣ አለ፣ ከ20 ብር በታች ነው፣ እሱን ለጠፍኩ። ሶስት ሳምንት ሆነው፣ ባልዲና ፑል እኩል ናቸው።

በእርግጥ የቱቦ ሊክ ያጋጥማል፣ ያኔ ባለሙያ ያስፈልጋል። ግን እውነተኛው ባለሙያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ደፍኖ በግፊት ይሞክርና የትኛው እንደወረደ ጌጁን ያሳያችኋል፣ በጽሁፍም ይሰጣችኋል። ያን ሳያሳይ መዶሻ የሚያነሳውን በሩን አሳዩት።

ዲፖዚቱን ስጠይቅ "አይመለስም፣ ፈርመሃል" አሉኝ፣ እውነትም ከኮንትራቱ ጀርባ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የኔቫዳ ኮንትራክተሮች ቦርድ ድረገጽ ላይ ላይሰንስ በነጻ እንደሚታይ ያወቅኩት፣ እዚህ ስቴት 1,000 ብርና ከዛ በላይ የሆነ ስራ ላይሰንስ ይፈልጋል፣ የነሱን ስም ባስገባው ባስገባው የለም። ክስ አስገብቼ እየጠበቅኩ ነው፣ ስማቸውን በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ እሱ እስኪያልቅ አትጠይቁኝ።